ለሥራም ለጉዞም የሚሆን የላፕቶፕ ቦርሳ፦ ምን ታይቶ ይገዛ?

የላፕቶፕ ቦርሳ ሻጮች አስቀድመው የሚነግሩን የሊትሩን መጠን፣ የኪሶቹን ብዛትና በጎኑ በኩል የወጣውን የቻርጀር መሰኪያ ነው። እነዚህ በመለያ ወረቀት ላይ ለመጻፍም ለማነጻጸርም ይመቻሉ። ቦርሳው ከተገዛ በኋላ ባለቤቱን የሚያስደስቱት ወይም የሚያማርሩት ግን ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ኮምፒውተሩ በቦርሳው ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ክብደቱ በትከሻና በጀርባ ላይ የሚከፋፈልበት መንገድ ነው። ለቢሮም ለጉዞም አንድ ቦርሳ ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቦርሳውን በዋናነት ለየትኛው እንደሚገዛው አስቀድሞ መወሰን አለበት። በእኔ እምነት፣ ለአብዛኛው ሠራተኛ በዓመት ውስጥ የሥራው ቀን ከጉዞው ቀን እጅግ ስለሚበልጥ፣ ለሥራ ተመችቶ የጥቂት ቀን ጉዞን የሚችል ቦርሳ መምረጥ ይሻላል። ለጉዞ የተሠራ ትልቅ ቦርሳ ይዞ በየቀኑ ቢሮ መመላለስ ትከሻንም፣ በታክሲና በአውቶቡስ አጠገባችን የሚቀመጠውንም ሰው ያስቸግራል።

ከኮምፒውተሩ እንጀምር። የላፕቶፕ መጠን የሚነገረው በኢንች ሲሆን፣ የሚለካውም ስክሪኑ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ነው። ይህ ቁጥር ስለ ኮምፒውተሩ ስፋት፣ ቁመትና ውፍረት በቀጥታ የሚነግረን ነገር የለም። ለምሳሌ የስፋቱና የቁመቱ ምጥጥን 16 ለ9 የሆነ ባለ 15.6 ኢንች ስክሪን 34.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 19.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው። አሁን አሁን የተለመደው፣ ምጥጥኑ 16 ለ10 የሆነ ባለ 16 ኢንች ስክሪን ደግሞ ስፋቱ ያው 34.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ቁመቱ 21.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለቀድሞው 15.6 ኢንች ተለክቶ የተሰፋ ኪስ አዲሱን ኮምፒውተር በጎን በኩል ያለችግር ቢቀበለውም፣ ከላይ በኩል ግን ዚፑ አልዘጋ ሊል ይችላል። ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ 35.57 በ24.81 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለጨዋታ የሚሠሩ ላፕቶፖች ደግሞ ከዚያ ይወፍራሉ፣ የአንዳንዶቹ ቻርጀርም ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ገዢው ከኢንቹ ይልቅ የራሱን ኮምፒውተር ስፋት፣ ቁመትና ውፍረት በሴንቲ ሜትር ለክቶ ከኪሱ የውስጥ ልክ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ከሁሉም የተሻለው ኮምፒውተሩን ራሱን ይዞ ሄዶ ማስገባት ነው።

ልኩ ከተስማማ በኋላ መታየት ያለበት የኪሱ ወለል ነው፤ ቦርሳ ስመረምር አስቀድሜ የማየውም ይህንኑ ነው። ሰው ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ወለል ላይ ሲያስቀምጠው፣ በተለይም ደክሞት ሲጥለው፣ ምቱ የሚያርፈው በታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። የላፕቶፑ ኪስ እስከ ቦርሳው መጨረሻ ድረስ የሚወርድ ከሆነ በኮምፒውተሩ ማዕዘንና በሲሚንቶው መካከል ያለው ነገር አንድ ድርብ ጨርቅ ብቻ ይሆናል። በጥንቃቄ የተሠራ ቦርሳ ግን ይህን ኪስ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በተንጠልጣይነት ይሰፋዋል፤ ቦርሳው ሲወድቅ ኮምፒውተሩ መሬት አይነካም። ይህን ለማረጋገጥ አንድ እጅን በላፕቶፑ ኪስ ውስጥ እስከ መጨረሻው ማስገባትና በሌላው እጅ የቦርሳውን ወለል ከውጭ መዳሰስ ይበቃል። ሁለቱ እጆች ከተገናኙ ኪሱ አልተንጠለጠለም ማለት ነው። ጎንና ጎኑ በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍኖ ወለሉ ባዶ የሆነ ኪስ በብዛት ይታያል፤ ስፖንጁ ዓይን የሚያየው ቦታ ላይ ስለሆነ ገዢው የተጠበቀ ይመስለዋል።

የኪሱ አቀማመጥም ከዚህ አያንስም። ላፕቶፕ በቦርሳው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ከባዱ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባ ጋር ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ከጀርባ በራቀ ቁጥር ቦርሳው ተሸካሚውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ተሸካሚውም ሚዛኑን ለመጠበቅ አንገቱንና ወገቡን ወደ ፊት ያጎነብሳል። በጉዞ ቦርሳነቱ የታወቀው ኦስፕሬይ ፋርፖይንት 40 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በቀድሞው አሠራሩ የላፕቶፑ ኪስ በቦርሳው የፊት ገጽ በኩል፣ ማለትም ከተሸካሚው ጀርባ ርቆ ነበር፤ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታድሶ ሲወጣ ግን ኪሱ ወደ ጀርባው በኩል ተዛውሯል። ልብስ የሞላ ቦርሳ ላይ ከፊት 2 ኪሎ ግራም ማንጠልጠል የሚያመጣውን ጫና ለሚያውቅ ሰው ይህ ለውጥ ከየትኛውም አዲስ ኪስ ይበልጣል።

ላፕቶፑ ከጀርባ ጋር ሲጠጋ ደግሞ በስክሪኑ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ማሰብ ያስፈልጋል። ቻርጀርና የውሃ ኮዳ ከሌላኛው በኩል ሲጫኑት የተከደነው ክዳን ወደ ቁልፎቹ ይገፋል፣ ስክሪኑም ላይ የቁልፎቹ አሻራ ይቀራል፤ ግፊቱ ሲበረታም ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ኪሱን ከዋናው ክፍል የሚለየው ግድግዳ ጠንከር ያለ ሰሌዳ ቢኖረው ይመረጣል፣ ኮምፒውተሩም ክዳኑ ወደ ተሸካሚው ጀርባ፣ ታችኛው ገጹ ወደ ዕቃው ቢዞር መልካም ነው። ከቦርሳው ምርጫ ወጣ ቢልም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ተከድነውም ሙሉ በሙሉ ስለማያንቀላፉ በቦርሳ ውስጥ ነቅተው ሊሞቁና ባትሪያቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። ረዘም ላለ ጉዞ ማጥፋቱ የሚያስከፍለው የአንድ ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነው።

ክብደቱን የሚሸከሙት ማንገቻዎቹ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ባዶ ቦርሳ አንግቶ ምቾት መፈተን ምንም አይነግርም፤ ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ሻጩን አስፈቅዶ ኮምፒውተሩን፣ ቻርጀሩንና ሁለት ሦስት ከባድ ዕቃ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ያስፈልጋል። የማንገቻው ስፖንጅ ሲጫኑት ለስላሳ መሆኑ ብዙዎችን ያታልላል፤ በጣም ለስላሳው ስፖንጅ በወራት ውስጥ ተጨፍልቆ የጨርቅ ያህል ይሳሳል፣ ጠጠር ብሎ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ግን ዓመታት ያገለግላል። የማንገቻው ቅርጽ አንገትን ሳይነካ በደረትና በብብት መካከል ታጥፎ የሚወርድ መሆን አለበት፤ ቀጥ ያለና ጠባብ ማንገቻ ትከሻ ጫፍ ላይ ይቆርጣል። የደረት ማሰሪያው ቁመቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ካልሆነ ለሁሉም ሰውነት አይስማማም። ይህ በተለይ ለሴቶችና ቁመታቸው አጠር ላሉ ሰዎች ወሳኝ ነው።

የወገብ ቀበቶ በሥራ ቦርሳ ላይ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እስከ 6 ወይም 7 ኪሎ ግራም ድረስ እኔም እስማማለሁ። ጭነቱ ወደ 10 ኪሎ ግራም ሲቃረብ ግን ትከሻ ብቻውን ሊሸከመው የማይገባ ይሆናል፣ ከፊሉን ወደ ዳሌ የሚያወርድ ቀበቶም ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ለሁለቱም የሚሆነው በጉዞ ቀን የሚታሰር፣ በሥራ ቀን የሚፈታ ወይም ተጣጥፎ የሚደበቅ ቀበቶ ነው። ቀጭን የጥብጣብ ቀበቶ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዘዋል እንጂ ክብደት አይሸከምም፤ ሻጮች ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚጠሯቸው ገዢው በዓይኑ ይለያቸው።

አሁን ወደ ሊትሩ እንምጣ። የቦርሳን መጠን ለመለካት ኤ ኤስ ቲ ኤም የተባለው የመለኪያ ደረጃዎች ድርጅት ያወጣው መንገድ አለ፤ ቦርሳው 20 ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ትናንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ተሞልቶ ይለካል። ሆኖም ሁሉም አምራች ይህን መንገድ አይከተልም፤ አንዱ የውጭ ኪሶችን ሲቆጥር ሌላው ዋናውን ክፍል ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ የሁለት ድርጅቶች 26 ሊትር እኩል ላይሆን ይችላል። ለመንገደኛ ከሊትሩ የሚበልጠው የውጭ ልኩ ነው፤ አየር መንገዶች የሚለኩት በሳጥን ነውና። ብዙዎቹ ከመቀመጫ በላይ ለሚቀመጥ ጓዝ የሚፈቅዱት 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ልክ ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከመቀመጫ ሥር ለሚገባ ቦርሳ ግን ወሰኑ በጣም ይጠብባል፤ ከአውሮፓ ርካሽ አየር መንገዶች ዊዝ ኤር 40 በ30 በ20፣ ኢዚጄት 45 በ36 በ20 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳሉ። የአውሮፓ አየር መንገዶች ማኅበር አባላትም በ2025 ቢያንስ 40 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ ያለ ክፍያ ለመቀበል ተስማምተዋል።

እነዚህን ልኮች በሊትር ብናሰላቸው አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ሳጥን 24 ሊትር ይይዛል፤ 45 በ36 በ20 የሆነው 32 ሊትር ያህል፣ 55 በ40 በ20 የሆነው ደግሞ 44 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ ከ22 እስከ 26 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ለቢሮ የሚበቃና ከመቀመጫ ሥር ለመግባትም የሚቀርብ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የቢሮ ቦርሳዎች ሊትራቸው ትንሽ ሆኖ ቁመታቸው ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆኑ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ስለሆኑ ለዓይን ያንሳሉ፣ በሳጥኑ ሲለኩ ግን ጫፋቸው ይወጣል። አናቱ ባዶ ሲሆን የሚታጠፍ ለስላሳ ቦርሳ ያልፋል፤ በሰሌዳ የተወጠረው አያልፍም። በርካሽ አየር መንገዶች አዘውትሮ የሚጓዝ ሰው ከቀለሙና ከኪሱ በፊት ቁመቱን ይለካ።

የክብደት ወሰንም አለ። በኢኮኖሚ ክፍል 7 ወይም 8 ኪሎ ግራም ብቻ የሚፈቅዱ አየር መንገዶች ጥቂት አይደሉም። ባዶው 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቦርሳ፣ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ኮምፒውተርና ግማሽ ኪሎ የሚሆን ቻርጀርና ገመድ ሲደመሩ ለልብስ የሚተርፈው ከ3.5 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ስለዚህ የቦርሳው የራሱ ክብደት በመለያው ላይ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ቁጥር ነው፤ ለእኔ ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን የሥራ ቦርሳ ለክብደቱ የሚመጥን ምክንያት ማሳየት አለበት። ቻርጀርን በተመለከተ ሸክሙ እየቀለለ ነው፤ በዩኤስቢ ታይፕ ሲ የሚሠሩት ባለ 65 ዋት ትናንሽ ቻርጀሮች ላፕቶፑንም ስልኩንም ስለሚያገለግሉ የድሮውን ከባድ ቻርጀር ቤት መተው ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2026 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አዳዲስ ላፕቶፖችም በዚሁ መሰኪያ መሞላት እንዲችሉ ሕግ ወጥቷል።

ስለ ኃይል ከተነሣ፣ በቦርሳው ጎን የወጣው መሰኪያ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ብዙዎቹ ቦርሳዎች በውስጣቸው ባትሪ የላቸውም፤ መሰኪያው በጨርቁ ውስጥ ያለፈ የማራዘሚያ ገመድ ብቻ ነው። ፓወር ባንኩን ገዢው ራሱ ገዝቶ ከውስጥ ይሰካዋል። በእኔ ግምገማ ይህ ጨርቁን በስቶ ለዝናብ መግቢያ ከመክፈት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ገመዱም ብዙውን ጊዜ የቆየው ዓይነት ስለሆነ አዲሱን ፈጣን ቻርጅ አያስተላልፍም። ፓወር ባንክ ደግሞ በአየር ጉዞ ጥብቅ ደንብ አለው። በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከተጓዡ ጋር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ሲሆን፣ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፔር-ሰዓት በ3.7 ቮልት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፤ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት 74 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በጥር 2025 በደቡብ ኮሪያ በአንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ላይ እሳት ከተነሣ በኋላ አገሪቱ ከመጋቢት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፓወር ባንክ ከመቀመጫ በላይ ባለው መደርደሪያ እንዳይቀመጥ ከልክላለች፤ ሁለቱም ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ ፓወር ባንኩ ያለ ፍለጋ ወዲያው የሚወጣበት የውጭ ወይም የላይ ኪስ ያለው ቦርሳ ከባለ መሰኪያው ይሻላል።

የቦርሳው አከፋፈት የጉዞ ሰዎችና የቢሮ ሰዎች የሚለያዩበት ነው። ከላይ ብቻ የሚከፈተው ለየዕለቱ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ከታች ያለ ልብስ ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ መዘርገፍ ይጠይቃል። እንደ ሻንጣ ሦስት ጎኑ ተከፍቶ የሚዘረጋው ለልብስ እጅግ ይመቻል፤ በጠባብ የባቡር ወንበር ላይ ግን አይከፈትም። ለሁለቱም አገልግሎት የምመርጠው እንደ ሻንጣ የሚዘረጋ ሆኖ የላፕቶፑ ክፍል የራሱ ዚፕ ያለውን ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር በ2008 ላፕቶፕ ብቻ የያዘ ክፍላቸው ተነጥሎ የሚዘረጋ ቦርሳዎች ኮምፒውተሩ ሳይወጣ እንዲያልፉ ፈቅዶ ነበር፤ አሁን ደግሞ አዳዲስ የፍተሻ መሣሪያዎች ባሉባቸው ኤርፖርቶች ኮምፒውተሩን ማውጣት የማይጠየቅበት ጊዜ አለ። አሮጌው መሣሪያ ባለበት ሁሉ ግን አሁንም ይወጣል፤ የራሱ ዚፕ ያለው ክፍል በሰልፍ ላይ ልብስን ከመግለጥ ያድናል።

ስለ ስርቆት ብዙ ይነገራል። ዚፕ ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል ብዙ አይጠቅምም፤ የተለመደው ጥርሱ ከናይለን ክር የተጠመዘዘ ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ተወግቶ ይከፈታል፣ ተንሸራታቹ ተመልሶ ሲያልፍበትም ምንም እንዳልተነካ ይዘጋል። ከዚህ የሚሻለው የዚፑ መከፈቻ ከተሸካሚው ጀርባ ጋር እንዲገጥም ማድረግ ነው፤ ኤክስ ዲ ዲዛይን ቦቢ የተባለው ቦርሳ የታወቀው በዚህ አሠራሩ ነው። በተጨናነቀ አውቶቡስ ለሚመላለስ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሆኖም አንድ ወረቀት ለማውጣት እንኳ ቦርሳውን ከጀርባ ማውረድ ይጠይቃል።

ጨርቁን የሚገልጸው ቁጥር ደኒየር ይባላል፤ የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ማለት ነው። ባለ 1,000 ደኒየር ክር 9,000 ሜትሩ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ቁጥሩ የክሩን ውፍረት እንጂ የጨርቁን ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አይናገርም፤ ባለ 500 ደኒየር ጥሩ ናይለን ባለ 600 ደኒየር ተራ ፖሊስተርን በመፈተግ ይበልጠዋል፣ ፖሊስተር ደግሞ ፀሐይን በተሻለ ይቋቋማል። ባለ 1,050 ደኒየሩ ባሊስቲክ ናይለን መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአብራሪዎች የፍንጣሪ መከላከያ ሰደርያ ነበር። ለቢሮ ሰው ግን በጣም ወፍራምና ሻካራ ጨርቅ አንድ የማይነገር ጉድለት አለው፤ የሱፍ ኮትንና የሹራብን ጀርባ እያሻሸ ያጭራል። ከ400 እስከ 600 ደኒየር ያለው ለስለስ ያለ ናይለን ለዕለት ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ውሃ የማያስገባ የሚለው ቃል በመለያ ላይ እንደሚበዛ በእውነታው አይበዛም። ጨርቁ ቢቋቋም እንኳ የስፌቱ ቀዳዳና ዚፑ ያስገባሉ፤ የዝናብ ልብስ ቢያለብሱትም እንኳ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ከአንገት የሚወርደው ውሃ የሚያገኘው የላፕቶፑን ኪስ ነው። በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ውሃ እንዲከላከል የሚቀባው ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ ከዓመታት በኋላ ይጣበቃል፣ ይላጣል፤ ቦርሳን በማሽን ማጠብና ፀሐይ በሚያቃጥለው መኪና ውስጥ መተው ያፋጥነዋል። ውሃን ከላይ የሚያንጠባጥበው ቅብም እየተለወጠ ነው፤ ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ፒፋስ የተባሉት ኬሚካሎች በጨርቃ ጨርቅ፣ በቦርሳም ጭምር፣ ሆን ተብለው እንዳይጨመሩ ከልክላለች። አዲሶቹ ቅቦች ለጤናና ለአካባቢ የተሻሉ ናቸው፣ ነገር ግን ዘይትንና እድፍን እንደ ቀድሞዎቹ አይከላከሉም። ስለዚህ በዝናብ ለሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩን በተጨማሪ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ማስገባት ከማናቸውም ማስታወቂያ የተሻለ ዋስትና ነው። የውሃ ኮዳም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ክፍል መግባት የለበትም። የጎን ኪሱ ቦርሳው ሙሉ ሆኖ ሳለ ኮዳ የሚቀበል መሆኑ ይፈተሽ፤ ብዙዎቹ የሚቀበሉት ባዶ ሲሆኑ ብቻ ነው።

በስም ከታወቁት መካከል ጥቂቶቹን በዚህ መመዘኛ ላያቸው እወዳለሁ። የስዊድኑ ፊየልሬቨን ኮንከን በ1978 ለትምህርት ቤት ልጆች ጀርባ ታስቦ የተሠራ ባለ 16 ሊትር ቦርሳ ነው፤ ቀላልና ያማረ ቢሆንም የመጀመሪያው ዓይነት ማንገቻው ስፖንጅ የሌለው ጥብጣብ ስለሆነ ለላፕቶፕ ሸክም አልመክረውም፤ ለኮምፒውተር ተብሎ የወጣው ዓይነት ይመረጣል። ጎራክ ጂ አር 1 ኮርዱራ ከተባለ ጠንካራ ባለ 1,000 ደኒየር ናይለን የተሰፋ፣ እንደ ሻንጣ የሚዘረጋና ላፕቶፑን ከጀርባ ጋር በተለየ ክፍል የሚይዝ ነው። በጥንካሬ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ባዶው ይከብዳል፣ ኪሱም ጥቂት ነው፣ ጨርቁም ከላይ ያነሣሁትን የኮት ነገር ያስታውሳል። በ2016 የወጣው የፒክ ዲዛይን ኤቭሪዴይ ባክፓክ በሁለቱም ጎን በዚፕ ይከፈታል፣ በሚታጠፉ መከፋፈያዎችም ካሜራና ዕቃ ይደረደርበታል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የሚሻል መምረጥ ይከብደኛል፤ ልብስ ለሚጭን ግን መከፋፈያዎቹ ቦታ ይወስዳሉ። ፋርፖይንት 40 በእውነተኛ የወገብ ቀበቶውና በሚደበቁ ማንገቻዎቹ ለጉዞ የላቀ ነው፤ ለዕለት ሥራ ግን ይተልቃል። ቢሮ ለሚውልና አልፎ አልፎ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ለሚጓዝ ሰው በአሠራሩ ከአራቱ የሚቀርበው ጂ አር 1 ነው፤ ያንኑ አሠራር በቀለለና በለሰለሰ ጨርቅ ሰፍቶ የሚያቀርብ አምራች ከተገኘ ግን እርሱን አስቀድማለሁ።

የቀረው የጥገናው ጉዳይ ነው። ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚፑና በማንገቻው ሥር ባለው ስፌት ነው። በ1934 በጃፓን የተመሠረተው ዋይ ኬ ኬ የሚሠራቸው ዚፖች ቁጥራቸው ሲዘጉ ጥርሳቸው ያለውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ይነግራል፤ ለዋናው ክፍል ከቁጥር 8 ያላነሰ፣ ለትናንሽ ኪሶች ቁጥር 5 ይበቃል። ዚፕ ከኋላው መከፈት ሲጀምር በአብዛኛው ያለቀው ጥርሱ ሳይሆን ተንሸራታቹ ነው፤ ተንሸራታቹን ብቻ በመቀየር ቦርሳው ይድናል። ኦስፕሬይና ጎራክ ዕድሜ ልክ የጥገና ዋስትና እንሰጣለን ይላሉ፤ ዋስትናው የሚጠቅመው ግን ቦርሳውን ለመላክ የሚወጣው ወጪና ጊዜ ከአዲስ ቦርሳ ዋጋ ሲያንስ ነው። ከአምራቹ ርቆ ለሚኖር ሰው በአቅራቢያው ያለ ሰፊ ሊጠግነው የሚችል አሠራር ይበልጥበታል፤ የማንገቻው ሥር ድርብ ስፌትና የመስቀል ጥልፍ ያለው፣ ገበሩ ተገልጦ ስፌቱ ከውስጥ የሚደረስበት፣ ዘለበቱም ጥብጣቡ ተስቦ ሲወጣ በሌላ የሚተካ እንጂ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሰፋ ያልሆነ። ይህን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ቦርሳውን ገልብጦ በጥቂት ደቂቃ ማየት ይቻላል።